የገበሬው ቃል በሕግ ፊት፦ ስለ ፎገራ ሜዳ መሬትና ውኃ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው የጉማራን ድልድይ ሲሻገር ገበታ የመሰለ ሰፊ ሜዳ ይቀበለዋል። ይህ የፎገራ ሜዳ ነው። በስተምሥራቁ የጉና ተራራ፣ በስተምዕራቡ የጣና ሐይቅ ይዘውታል። ከደጋው የሚነሡት ርብና ጉማራ አፈሩን ተሸክመው፣ ሜዳውን አቋርጠው ሐይቁ ውስጥ ይገባሉ። በዚህም ምክንያት በጉና ወገብ የታረሰ ገደላገደል፣ በወረታ ዙሪያ የተዘራ ሩዝና በጣና ላይ የተንሳፈፈ አረም በአንድ ገመድ የታሰሩ ናቸው። እንግዲህ ስለ አፈር፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ረግረግ ወይም ስለ ሐይቅ ዳርቻ አንድ ደንብ በወጣ ቁጥር የፎገራ ገበሬ የዕለት እንጀራ ይነካል ማለት ነው። ደንቡ ሊጠቅመው ይችላል፤ ሊጎዳውም ይችላል። በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ጥያቄም ይኸው ነው፤ እንዲህ ያለ ደንብ ሲመከር ስለ ገበሬው የሚናገረው ማን ነው? የሚናገረውስ መቼ ነው? ምንስ ይዞ ነው?

ሕጉ የከፈተው በር

በኅዳር ወር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው የፌዴራል ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ማኅበረሰቡን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ዜጎች ሐሳባቸውን እንዲጠየቁ መብት ሰጥቷል። በአንቀጽ 92 ደግሞ ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲናገር፣ ጉዳዩ በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ በዕቅዱም በአፈጻጸሙም ሐሳቡን ሊገልጥ እንደሚገባው ይደነግጋል። የኢትዮጵያ የአካባቢ ፖሊሲ በ1989 ዓ.ም. ወጣ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ከዚህ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይሄዳል፤ አንድ ታላቅ ሥራ ከመፈቀዱ በፊት የጥናቱ ዘገባ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ በተለይም ሥራው የሚነካው ማኅበረሰብ የሚሰጠው አስተያየት በግምገማው ውስጥ እንዲገባ ያዝዛል። በዚያው ዓመት የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ላይ አቤቱታ ሊያቀርብ እንደሚችል ይናገራል።

እነዚህ ቀላል ነገሮች አይደሉም። አያቶቻችን «አቤት!» ብለው በደጅ የሚጸኑበትን ነገር የዛሬው ሕግ በወረቀት ላይ መብት አድርጎታል። ዳሩ ግን ነጋሪት በቀድሞ ዘመን በገበያ መካከል ይጎሰም ነበርና መስማት የሚችል ሁሉ ይሰማው ነበር፤ ዛሬ ስሙ በጋዜጣው ራስ ላይ ብቻ ቀርቷል። አዋጁ ታትሞ አዲስ አበባ ይሸጣል፤ የሚነካው ሰው ግን ማሳው ውስጥ እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተነክሮ ሩዝ ያርማል። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ የሚሄድ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ይህንን ሰው ነው ተወካይ የምንለው።

እንደራሴና መልእክተኛ

የቀደመው አማርኛችን ተወካይን «እንደራሴ» ይለዋል። ቃሉ ራሱ ትምህርት ነው፤ «እንደ እኔ ራሴ ሆነህ ተናገር» ማለት ነውና። መልእክተኛ ግን ሌላ ነው። መልእክተኛ የተነገረውን ተቀብሎ ያደርሳል፤ መልስ እንዲያመጣ ካልታዘዘ በቀር ሥራው በዚያው ያበቃል። በገጠራችን ያለው ዋናው ችግር፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ተወካይ መጥፋቱ አይደለም። ተወካይ ተብለው የተመረጡት ሰዎች ቀስ በቀስ ወደ መልእክተኛነት መለወጣቸው ነው።

ይህ ደግሞ ታሪክ አለው። መሬት ለአራሹ በታወጀበት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 31 የገበሬዎች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ አንዱ ማኅበር ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለት 800 ሄክታር ያህል መሬት እንዲይዝ ታስቦ ነበር። መጀመሪያ መሬት የሚያከፋፍልና የሚዳኝ የገበሬው የራሱ ሸንጎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የእህል ኮታ የሚሰበስብ፣ ወደ አምራች ኅብረት ሥራ የሚያስገባ የመንግሥት ክንድ ሆነ። የዛሬዎቹን ብንቆጥር የቀበሌ ምክር ቤት አለ፣ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ አለ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር አለ፣ በመስኖ አካባቢ የውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር አለ። ስማቸው ልዩ ልዩ ነው፤ ነገር ግን በብዙ ቀበሌ ሰዎቹ ያው ናቸው። ሰኞ ዕለት ለተፋሰስ ሥራ ሕዝቡን አስወጣ፣ ያልመጣውን መዝግብ የተባለ ሰው፣ ማክሰኞ ዕለት ያንኑ ሥራ በያዘው ባለሙያ ፊት ቆሞ «የእርከኑ ቦታ ልክ አይደለም» ለማለት እንዴት ይደፍራል? ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሁለት ሸክም በአንድ ትከሻ ስለተጫነበት ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ማኅበራዊ ትምህርት ይህን ጉዳይ ነክቶታል። እ.ኤ.አ. በ1961 ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ «ማተር ኤት ማጂስትራ» በተባለው መልእክታቸው ስለ እርሻ ሰፊ ክፍል ሰጥተው፣ ለገበሬው መሻሻል ዋናው ሠራተኛ ገበሬው ራሱ ሊሆን እንደሚገባ፣ ለዚህም ገበሬዎች በማኅበር መሰባሰብና ድምፃቸውን በሕዝብ ጉዳይ ማሰማት እንደሚያስፈልጋቸው አስተምረዋል። ከአርባ ዓመት በፊትም ሆነ ዛሬ ይህን ቃል ከፎገራ ሜዳ ጋር አገናኝቶ ማንበብ ይቻላል፤ ምክንያቱም ሜዳውን ዛሬ በሚታወቅበት ስም ያስጠራው ነገር፣ ማለት ሩዝ፣ የተስፋፋው በገበሬው ዓይን ነው።

ሩዝ በዚህ አካባቢ የታወቀው በደርግ ዘመን፣ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ጅግናና ሻጋ በተባሉት የአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መሬት ላይ በሞከሩት ጊዜ ነው። በ1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚ ፖሊሲው ተለውጦ ማኅበራቱ ሲፈርሱ ሩዙም አብሮ ሊፈርስ ይችል ነበር። ገበሬው ግን ጤፍና ሌላውን ሰብል የሚያሰጥም ውኃ ይህን ተክል እንደማይገድለው አይቶ ነበርና በየግሉ ይዞት ቀጠለ። «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ስም ዛሬም ያንን ዘመን ያስታውሳል። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በወረታ የተቋቋመው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ታዲያ ሁሉም ትርፍ አልሆነም። የፎገራ ላም ትታወቅበት የነበረው የግጦሽ መስክ በሩዝ ተያዘ፤ በቀረውም መስክ ላይ ገበሬው አሜኬላ የሚለው እሾኻማ አረም ሠለጠነበት። ለከብቱ የተናገረለት አልነበረም።

የሐይቁ ወሰን የት ነው?

ዛሬ ለሐይቁ ዳር ገበሬ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። ጣና በዓመት ውስጥ እንኳ በአንድ ከፍታ አይቆምም። ከክረምቱ ዝናብ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፣ በግንቦትና በሰኔ ይጎድላል፤ ልዩነቱም በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ዳርቻው ገደል በሆነበት ስፍራ ይህ ቁም ነገር አይደለም። እንደ ናበጋና እንደ ዋገጠራ ባለ ጠፍጣፋ ምድር ላይ ግን ውኃው ርቆ ይመጣል፣ ርቆም ይመለሳል። ሲመለስ የሚተወውን እርጥብ መሬት ገበሬው «ባሕር ሸሽ» ይለዋል፤ በቀረው እርጥበትም ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል።

በዚህ ላይ የሰው እጅ ተጨመረበት። እ.ኤ.አ. በ1996 ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ስፍራ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ፤ ለኤሌክትሪክ ኃይል የሚለቀቀው ውኃ መጠን ከዚያ ወዲህ በበር ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሐይቁ እጅግ ከመጉደሉ የተነሣ መርከቦች ለጊዜው መንቀሳቀስ አቁመው ነበር። ገበሬው ውኃው የለቀቀውን ተከትሎ አረሰ። ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ፣ በፎገራና በሊቦ ከምከም ታላቅ ጎርፍ ሆነ፤ ቤት ፈረሰ፣ ከብት ሞተ፣ ሰው ተፈናቀለ። ከዚያም በሰኔ 2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን በዓለም አቀፍ የባዮስፌር መጠበቂያ መዝገብ ውስጥ አስገባው። (በዚያው ወር ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ስለ ጋራ ቤታችን የጻፉት «ላውዳቶ ሲ» ታትሞ ወጣ፤ በዚያም የአንድ ሥራ ተጽዕኖ ሲገመገም የአካባቢው ነዋሪ ልዩ ስፍራ እንዲኖረው ያሳስባሉ።) የባዮስፌር ሥርዓት አገሩን በሦስት ቀጠና ይከፍላል፤ ፈጽሞ የሚጠበቅ እምብርት፣ በዙሪያው ጥንቃቄ የሚደረግበት መከለያ፣ ከዚያ ውጭ ሰው እንደ ልማዱ የሚሠራበት ሰፊ ክልል። በካርታ ላይ ይህ ሦስት ቀለም ነው። በመሬት ላይ ግን መስመሩ የሰው ማሳ ያቋርጣል።

እንግዲህ አንድ የመሬት ልኬታ ባለሙያ ካስማ ሊተክል ወደ ዳርቻው መጣ እንበል። መልእክተኛ የሆነው ተመራጭ ሕዝቡን ሰብስቦ «ከካስማው ወዲያ ማረስ ተከልክሏል» ብሎ ይነግራል። እንደራሴው ግን አስቀድሞ ይጠይቃል፦ «ጌታው፣ ይህን ካስማ የሚተክሉት ውኃው በመስከረም በሚደርስበት ነው ወይስ በሰኔ በሚቆምበት? ጨረጨራ ሲዘጋ ነው ወይስ ሲከፈት?» ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። በመልሱ ላይ ግን የብዙ ቤተሰብ እርሻ ተንጠልጥሏል። ባለሙያውም ቢሆን ሰው ነውና፣ የአንዱን ዓመት ፎቶግራፍ ከሰማይ ወርዶ ያየ ካርታ የሃያውን ዓመት ታሪክ እንደማይነግረው ሲጠየቅ ያስባል። በ1998 ዓ.ም. ውኃው የደረሰበትን ዛፍ በጣቱ የሚያሳይ ሽማግሌ እዚያው ቆሞ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል።

ነገር ግን እውነተኛ እንደራሴ ወደ ኋላው ዞሮም መናገር አለበት። ውኃው ጫፍ ድረስ ደንገሉን ነቅሎ ማረስ ዓሣው የሚራባበትን ስፍራ ያጠፋል፤ ከማሳው የሚታጠበውን አፈርና ማዳበሪያ የሚያጠራው ነገር ይጠፋል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456፣ ኋላ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 የተተካው፣ የረግረግ ሀብት እንዲጠበቅ ያዘዘው ያለ ምክንያት አልነበረም። ባሕር ሸሹን መዝራት አንድ ነገር ነው፤ ባሕሩን ማባረር ሌላ ነው። ይህን ልዩነት ለራሱ ወገን በግልጥ የማይናገር ተመራጭ፣ ጭብጨባ ያገኝ ይሆናል እንጂ በቢሮ ውስጥ የሚታመን ምስክር አይሆንም።

ርብ፣ ሸሸርና ወላላ

ሁለተኛው ምሳሌ ወደ ርብ ወንዝ ይወስደናል። በርብ ላይ የተሠራው ግድብ ከ70 ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖረው 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ፣ በሜዳው ላይም ወደ 20 ሺህ ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ የታቀደ ነው። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚህ ሌላ ጎርፍ ለመከላከል በወንዙ ግራና ቀኝ የአፈር ክምር ተሠርቷል።

የፎገራ ገበሬ ስለ ጎርፍ ያለው ስሜት በአንድ ቃል አይገለጥም። ጎርፍ ቤቱን ያፈርሳል፤ ያው ጎርፍ ግን ከጉና ያመጣውን ጥቁር አፈር አልብሶት ይሄዳል። ሩዙም የሚፈልገው በቀስታ የሚተኛ ውኃ ነው። ስለዚህ የሜዳው ሰው የሚመኘው ጎርፍ ፈጽሞ እንዳይመጣ ሳይሆን፣ ሳይቸኩል መጥቶ ሳይዘገይ እንዲሄድ ነው። በአንዱ ዳር የተሠራ ክምር ደግሞ ውኃውን ወደ ሌላው ዳር ይገፋዋል። የግራው ቀበሌ ተመራጭ «ክምራችን ከፍ ይበልልን» ብሎ ሲያመለክት፣ የቀኙ ቀበሌ ሰው ሳይሰማ ማመልከቻው ቢጸድቅ፣ አንዱ ጎረቤት በሌላው ላይ ጎርፍ ፈረደበት ማለት ነው። በዚህ ምክንያት በወንዝ ጉዳይ የአንድ ቀበሌ ድምፅ ብቻውን ግማሽ ድምፅ ነው። የግራና የቀኝ፣ የላይኛውና የታችኛው ተመራጮች አስቀድመው ተገናኝተው ተስማምተው ቢመጡ፣ መሐንዲሱም ጆሮ ይሰጣቸዋል።

ሸሸርና ወላላ የተባሉትን ረግረጎች የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን ይበልጥ ይረዳዋል። እነዚህ ስፍራዎች ርብ ሞልቶ ሲፈስ ይሞሉ፣ ዓሣ ይራባባቸው፣ ቁራሌ የሚመስሉ ሳይሆኑ ከሩቅ አገር ጭምር የሚመጡ ታላላቅ ወፎች ይሰፍሩባቸው፣ ከብትም በበጋ ይሰማራባቸው ነበር። ወንዙ በክምር ሲታጠር መሙያቸው ቀነሰ። ገበሬው ደግሞ በሞተር እየሳበ ሽንኩርት አጠጣባቸው፤ ዳርቻቸውንም እያረሰ ወደ መካከል ገፋ። ረግረጎቹ እጅግ ጠበቡ። እዚህ ላይ ጥፋቱን በአንድ ወገን ላይ መጣል አይቻልም። ጎርፉን የዘጋው ዕቅድ ለረግረጉ አላሰበም፤ ሞተር የተከለውም ገበሬ ለከብቱ አላሰበም። በስብሰባው ላይ የሽንኩርት አምራቹ ወኪል ነበረው፤ ዓሣ አጥማጁና ከብት አርቢው ግን ብዙ ጊዜ ወኪል የላቸውም። የውኃ ሞተር መግዛት የቻለ ሰው ወንበርም በቀላሉ ያገኛል።

ስለ እንቦጭ ባጭሩ

እንቦጭ በጣና ላይ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ ወዲህ የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻ ገበሬ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ዓመታት አለፉ፤ ከሩቅም ከቅርብም ብዙ ወገን መጥቶ አግዞታል። ማሽንም ተገዝቷል። ሆኖም ገበሬው ገና ከመጀመሪያው ይጠይቀው የነበረ ቀላል ጥያቄ ነበር፤ የተነቀለው የት ይከመር? በዳርቻው ላይ የተተወ ክምር ግጦሹን ይይዛል፣ ክረምት ሲመጣም ውኃው መልሶ ይወስደዋል። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ አንድ ክረምት እዚያ መኖር ይበቃል። በሌላ በኩል ባለሙያው የሚነግረንን እኛም እንስማ፤ አረሙን ከሚመግቡት ነገሮች አንዱ ከደጋውም ከሜዳውም እርሻ ታጥቦ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ ነው። ስለዚህ የናበጋ ተመራጭ ከፋርጣው ተመራጭ ጋር የሚነጋገርበት ጉዳይ አለው። ሁለቱ ግን አንድ ጉባኤ ላይ የሚቀመጡበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ተመራጩ ምን ይዞ ይሂድ?

ከላይ ካየነው የሚከተሉ ጥቂት ተግባራዊ ነገሮችን ላንሣ። ከሁሉ አስቀድሞ ሰዓቱ ነው። ካርታው ከተሳለ፣ በጀቱ ከተያዘ፣ ማሽኑ ቆሞ ከተነሣ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ምክክር አይባልም፤ ማስታወቂያ ነው። ሕጉ አስተያየት የሚጠይቀው ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት ነውና፣ ተመራጩ «የተጽዕኖ ጥናቱ ዘገባ የት ይገኛል? በአማርኛ አሳጥራችሁ ታነቡልናላችሁ?» ብሎ በጊዜው ሊጠይቅ ይገባዋል። ማንበብ የማይችል ከሆነ በየቀበሌው አሥረኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች ሞልተዋል፤ አንዱን ይዞ ይሂድ።

ቀጥሎ ማስረጃ ነው። «ውኃ አጠፋን» የሚል ቃል ከመቶ ቀበሌ ይሰማል። «በእንዲህ ያለ ዓመት፣ በእንዲህ ያለ ወር፣ ውኃው ከዚህ ዛፍ እስከዚህ ቤት ደረሰ፣ ለዚህን ያህል ቀን ቆመ፣ የእነዚህ ሰዎች የይዞታ ደብተር ይህ ነው» የሚል ወረቀት ግን በመዝገብ ይያዛል። አንድ ተራ ደብተር ለቀበሌው የጎርፍ መዝገብ ቢሆን ከብዙ ንግግር ይበልጣል። አቤቱታው ከተሰጠ በኋላ የገባበትን ቀንና ቁጥር ይዞ መመለስም አይዘንጋ።

ሦስተኛው መልስ ማምጣት ነው፤ በዚህ ላይ ብዙዎች ይደክማሉ። ከወረዳ የተመለሰ ተመራጭ ከቅዳሴ በኋላ ወይም በዕድር ቀን ቆሞ የጠየቀውን፣ የተመለሰለትን፣ ያልተመለሰለትንም ካልነገረ፣ ሕዝቡ በሚቀጥለው ጊዜ የሚነግረው ነገር አይኖርም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተከሠተው ግጭት ምክንያት ስብሰባ መጥራትም ሆነ በመንገድ መሄድ እንደ ቀድሞው ቀላል አልሆነም፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ወረቀቱን ጠብቆ ማቆየት ራሱ ሥራ ነው።

በመጨረሻ ስለ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር አንድ ነገር ልበል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 841 የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ሕጋዊ ማኅበር እንዲያቋቁሙ፣ በጠቅላላ ጉባኤያቸው መሪዎቻቸውን እንዲመርጡ፣ ውኃውንም በራሳቸው ደንብ እንዲያስተዳድሩ ይፈቅዳል። እኔ እስከማየው ድረስ፣ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ገበሬው የራሱን ድምፅ ሊያደርገው የሚችለው ሸንጎ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚነጋገርበት ነገር በዓይኑ ፊት የሚፈስ ውኃ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቦዩ ሲቀንስ፣ መጀመሪያ የሚጠጣው የላይኛው ማሳ ነው ወይስ የታችኛው? ምን ያህሉ በወንዙ ውስጥ ይቅር? በሞተር በቀጥታ ከወንዝ የሚስበው ሰው ከማን ተራ ይቆጠር? ይህን የሚወስነው ጉባኤ የሚጠራበት ቀን ከመድረሱ በፊት የአባላቱ ስም ዝርዝር ሊታይ ይገባል። በቦዩ ጫፍ ላይ ማሳ ያላቸው ባልቴቶችና ባላቸው የሞተባቸው ሴቶች፣ መሬታቸውን ሌላ ሰው በእኩል የሚያርስላቸው ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ በዝርዝሩ ላይ የሚገኘው የአራሹ ስም ነው። የይዞታ ደብተሩ ግን በእነርሱ ስም ነው፤ ስማቸው እንዲገባ ለመጠየቅም ደብተሩን ይዞ ወደ ማኅበሩ ጸሐፊ መሄድ ይገባል።